የስንት ጆይስቲክ ኩባንያ ነው?

እትዬ ብሎን ውሽማ ይዘዋል ተባለ።

ያውም ተራ ውሽማ አይደለም፤ ሙዚቀኛ። ወሬውን ያመጡት ሰዎች በጆሯቸው የሰሙትን ነው የሚናገሩት። ሴትዮዋ ጠዋት ክፍላቸውን ከፍተው ቁጭ ከማለታቸው ስልካቸውን ያነሣሉ፣ ቁጥር ይመታሉ፣ ከዚያ ሰውየው ማዶ ሆኖ ዋሽንት ይነፋላቸዋል። ሃያ ደቂቃ ይነፋል፣ አርባ ደቂቃ ይነፋል፣ አይደክመውም። እሳቸው ደግሞ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። አልፎ አልፎ ድምጿ ማር የሆነ ሴት ጣልቃ ትገባና የሆነ ነገር ተናግራ ትወጣለች። ይህቺ ሴት ማን ናት በሚለው ላይ ሰፈሩ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ገሚሱ የሰውየው እናት ናት አለ። ገሚሱ ደግሞ የለም፣ ሚስቱ ናት፣ ነገሩን ደርሳበት ነው አለ። "ታዲያ ከደረሰችበት እንዲህ በትሕትና ታናግራቸዋለች?" ተብሎ ሲጠየቅ፣ "የተማረች ትሆናለቻ!" ተባለ።

ባለቤታቸው የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ወሬው እሳቸው ዘንድ የደረሰው መሪ እንደያዙ ነው፤ ከኋላቸው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች የሹፌሩን ማንነት ሳያውቁ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ አወሩላቸው። ሹፌሩም አንድ ፌርማታ ዘለሉ እንጂ ሌላ ጉዳት አላደረሱም። ማታ ቤት ገብተው ጫማቸውን እየፈቱ፣

"አንቺ፣ ውሽማሽ ዛሬ ምን ተጫወተልሽ?" አሉ።

"ያንኑ" አሉ እትዬ ብሎን።

"ይኼን ሁሉ ዓመት ያንኑ? አንድ አዲስ ዘፈን አጥንቶ አይመጣም? እኔ እንኳ ስለማመጥሽ ሁለት ዘፈን ነበረኝ!"

እውነቱ ይኸው። ማዶ ያለው ሰው ሳይሆን የጌም ማሽን የሚሠራ ኩባንያ ነው። ዋሽንቱም የተቀዳ ነው። ባለ ማር ድምጿ ሴትም የማንም ሚስት አይደለችም፤ "ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ እባክዎ መስመሩን ሳይዘጉ ይጠብቁን" የምትል የተቀዳች ሴት ናት። እትዬ ብሎን የሚጠብቁት ፍቅርን ሳይሆን የደንበኞች አገልግሎትን ነበር። ከሁለቱ የትኛው ቶሎ እንደሚመጣ ግን አፍ ሞልቶ መናገር ያስቸግራል።

ነገሩ የተጀመረው ልጃቸው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። እትዬ ብሎን ያኔ በልብስ ፋብሪካ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነበሩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚያው ሠርተዋል። ቅጽል ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። መኪናውን ሲፈቱ ብሎኖቹን የሚያስቀምጡት ኪሳቸው ውስጥ ሳይሆን በከንፈራቸው መካከል ነበር፤ አምስት ብሎን በከንፈራቸው ይዘው ደግሞ የፋብሪካውን ሐሜት አንድም ሳያስቀሩ ያወሩ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ከአፋቸው አንድ ብሎን ወድቆ አያውቅም። ምስጢር ግን አንዳንዴ ያመልጣቸዋል።

ልጅቷ የምትጫወትበት ጆይስቲክ አንድ ቀን አበደ። ጣቷን ሳታሳርፍበት ስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ወደ ግራ ይሄዳል፤ ኳሱን ትቶ፣ ሜዳውን ትቶ፣ ቀጠሮ እንደረፈደበት ሰው ወደ ግራ። እትዬ ብሎን ካርቶኑ ላይ ወዳለው ቁጥር ደወሉ። ዋሽንቱ ጀመረ። ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው ተባሉ። ደስ አላቸው፤ ፋብሪካው ውስጥ እንዲህ ብሏቸው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጠበቁ። ልብስ አጠቡ፣ ዋሽንቱ አለ። አሰጡ፣ ዋሽንቱ አለ። ሽንኩርት ከተፉ፣ አለቀሱ፣ ዋሽንቱ አሁንም አለ። እጃቸው ሥራ ሲፈታ አላስችል ብሏቸው ጆይስቲኩን በጥፍር መቁረጫ ጫፍ ፈቱት። ውስጡ ከአንዲት የብስኩት ፍርፋሪ በቀር ምንም ጥፋት አልነበረበትም። ፍርፋሪዋን አወጡ፣ በአልኮልና በጥጥ ጠረጉት፣ መልሰው ገጠሙት። ተጫዋቹ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይኼኔ አንድ ወጣት ስልኩን አነሣና ችግሩን ጠየቃቸው። ነገሩት።

"እሱ አይጠገንም፣ እናቴ። ይጣሉትና አዲስ ይግዙ።"

"ጠግኜዋለሁ እኮ!"

"አይጠገንም እናቴ።"

"ልጄ እየተጫወተችበት ነው። አሁን ጎል አገባች።"

ወጣቱ ትንሽ አሰበና፣ "እንግዲያው በራስዎ ኃላፊነት ነው" ብሎ ዘጋው።

ፋብሪካው ሲዘጋ እትዬ ብሎን ከአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለችውን ክፍል ያዙ። ክፍሏ ከደረጃው ጋር እየወረደች ስለምትሄድ በር ላይ ቆሞ የገባ ደንበኛ ጥግ ሲደርስ መስገድ ግድ ይሆንበታል። ጠረጴዛቸው ከፋብሪካው የተረፈ የስፌት መኪና ጠረጴዛ ነው፤ መኪናዋ ተነቅላ የወጣችበት ቀዳዳ ላይ መብራት አቁመዋል። አንድ የብሎን ማሰሮ አለ፣ አንድ ካቻቢቴ እጀታው በላስቲክ የተጠቀለለ፣ አንድ መበየጃ፣ አንድ የጥጥ ጥቅል። መስኮቱ ፊት ለፊት ፀጉር ቆራጩ ነው ያለው፤ የሰፈሩ ሁለተኛ ጋዜጣ ማለት እሱ ነው። የመጀመሪያው ጋዜጣ እትዬ ብሎን ናቸው።

አሠራራቸው እንዲህ ነው። የተበላሸ ማሽን ሲመጣ ካቻቢቴ አያነሡም። መጀመሪያ ካርቶኑን ይጠይቃሉ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ይመታሉ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገው የብሎኑን ማሰሮ ያስደግፉታል። ከዚያ ሥራ። አንድ ጆይስቲክ ፈተው፣ ጠርገው፣ ገጥመው ሲጨርሱ በሩ ጀርባ ላይ በጠመኔ አንድ ሰረዝ ያደርጋሉ። የሰው ድምፅ ከማዶ ሲሰማ ሰረዙ ይቆማል። የካርቶኑ ምልክት ኤሊ የሆነው ኩባንያ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጆይስቲክ ያነሣል። ምልክቱ ንስር የሆነው፣ ያ ትልቁ፣ ማስታወቂያው ከአውቶቡስ ጎን የማይጠፋው፣ ሰባት ያስፈጃል። አንዴ ዘጠኝ አስፈጅቶ እትዬ ብሎን የሚጠገን አልቆባቸው የፀጉር ቆራጩን መቁረጫ ጠግነዋል። ሥዕል ስለማይችሉ በሩ ላይ የሣሉት ንስር ዶሮ ነው የሚመስለው። "ስልክ እስኪያነሣ ድረስ ዶሮ ሆኖ ይቆይ" ይላሉ።

እንግዲህ ሰፈሩ ይኼን ነገር ከሐሜቱ በላይ ወደደው። አዲስ ማሽን ሊገዛ የፈለገ ሰው ማስታወቂያ ማየት ተወ፤ በመስኮቱ ብቅ ብሎ "እትዬ፣ ይኼኛው የስንት ጆይስቲክ ኩባንያ ነው?" ይላል። ውሎ ሲያድር አነጋገሩ ከጌም ወጣ። ልጃቸውን ሊድሩ ያሰቡ ሴት ስለ አማቹ "የስንት ጆይስቲክ ሰው ነው?" ብለው ጠየቁ። የውኃ ቢሮው የአሥራ አራት ነው ተባለ።

ንስሩን የሚወደው ፀጉር ቆራጩ ነበር። ወረፋ ለሚጠብቁ ደንበኞቹ ብሎ የንስሩን ማሽን ገዝቶ አስቀምጧል፤ የጥርስ ሐኪሙ ሳይቀር ፀጉሩን አሳቦ እየመጣ ይጫወታል፣ ያለ የሌለ ፀጉሩ በሳምንት ሦስት ቀን ይቆረጣል።

"ንስር እኮ ነው፣ እትዬ! ዓለም ያወቀው!" ይላል ፀጉር ቆራጩ መቀሱን እያንኳኳ።

"ዓለም ካወቀው ስልኩን ለምን አያነሣም? ሁላችንንም ስለሚያውቀን ነው?"

"ሥዕሉን አይተውታል? ሣሩ እኮ እያንዳንዱ ለብቻው ይወዛወዛል!"

"ሣሩን አይቻለሁ፤ ቆንጆ ነው፣ አልዋሽም። ሰውስ አለበት? ያለፈው ጊዜ ቢሯቸው ድረስ ሄደህ አልነበር?"

ፀጉር ቆራጩ ወደ መቀሱ ይመለሳል። ሄዶ ነበር። የንስሩ ቢሮ ከትልቁ የኤሌክትሮኒክስ መደብር በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ወጥቶ በሩ ላይ ያገኘው አንድ ወረቀት ነው፦ "ለተሻለ አገልግሎት በስልክ ቁጥራችን ይደውሉልን።" በሩ ላይ ቆሞ ደወለ። ስልኩ ከበሩ ውስጥ ሲጮኽ እየሰማ ዋሽንቱን አዳመጠ።

ይህ ሁሉ ሳቅ ነበር፤ ሳቁ ቤት ድረስ የመጣው ልጃቸው ሥራ ስትቀጠር ነው።

ያቺ ጎል ያገባችው ልጅ አድጋ፣ ንስሩ በላዩ ላይ በተቀመጠበት በዚያው ትልቅ መደብር የሽያጭ ሠራተኛ ሆነች። ስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ነው የተሰጣት። አምስተኛው ወር ማለቂያ ላይ ሥራ አስኪያጁ ጠራት። ፈገግታ የሚያበዛ፣ ፈገግ ሲል ግን ሰዓቱን የሚያይ ሰው ነው። ንስሩ አዲስ ማሽን ሊያስመርቅ ነው፤ ምርቃቱ መደብሩ ውስጥ ነው፤ የኩባንያው ትልቅ ሰው ራሱ ይመጣል። ችግሩ፣ የዚህ አካባቢ ሰው ሁሉ "የሰባት ጆይስቲክ ኩባንያ" እያለ አልገዛም አለ።

"እናትሽ ናቸው አሉ እንዲህ የሚሉት" አላት።

"አዎ።"

"በጣም ጥሩ! ይጋበዛሉ። ሰው ፊት ስለ ንስሩ አንዲት ጥሩ ቃል ይበሉልን፣ አንቺም በሚቀጥለው ወር ቋሚ ትሆኛለሽ።" ሰዓቱን አየ። "ካልሆነ ግን፣ እንግዲህ... እኔ እንጃ።"

ልጅቷ ማታ ቤት ገብታ ይኼን ስትናገር ዓይኗን ከሳህኑ አላነሣችም። ሥራውን ወዳዋለች። ሰው ገብቶ ግራ ሲጋባ ማስረዳት፣ ሽቦ የት እንደሚሰካ ማሳየት፣ አሮጊቶች ለልጅ ልጃቸው ሲገዙ "ይኼኛው አይጮኽም፣ እማማ" ማለት ያስደስታታል። ሹፌሩ ሾርባቸውን ማማሰል አቆሙ። እትዬ ብሎንም ማንኪያቸውን አስቀመጡ። አፋቸውን ለማንም አከራይተው አያውቁም፤ የፋብሪካው አለቃ እንኳ አንዴ ሞክሮ ተመልሷል። አሁን የጠየቀቻቸው ግን አለቃ አይደለችም።

"አንቺ ምን ትያለሽ?" አሉ።

"እኔማ ውሸት በይልኝ አልልሽም፣ እማዬ። ሥራውን ግን እፈልገዋለሁ።"

"ሁለቱንም በአንድ አፍ?"

"ሁለቱንም በአንድ አፍ።"

ሹፌሩ ሳቃቸው መጣ። "የእናትሽ ልጅ!"

እትዬ ብሎን ትንሽ አሰቡና እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "እሺ፤ እመጣለሁ በይው። አንድ ነገር ብቻ ንገሪልኝ። እኔ ቆሜ ንግግር አላውቅም። እዚያም እንደ ክፍሌ ተቀምጬ ሥራዬን እየሠራሁ ነው የማወራው።"

ልጅቷ በማግሥቱ ለሥራ አስኪያጁ ነገረችው። ሥራ አስኪያጁ እጁን አጨበጨበ። "እየሠሩ! እንዴት ያለ ሐሳብ ነው!" አለ። ምን እንደሚሠሩ ግን አልጠየቀም።

የምርቃቱ ቀን መደብሩ ጢም አለ። ከጣሪያው ላይ ፊኛ ተንጠልጥሏል። በሩ ላይ ቢጫ ኮፍያ ያደረጉ ሦስት የንስሩ ሠራተኞች ለገባው ሁሉ ቢጫ ኮፍያ ያድላሉ፤ ሹፌሩም አንድ ተቀብለው በአውቶቡስ ኮፍያቸው ላይ ደረቡት። መሐል ላይ ጠረጴዛና ወንበር ተደርጓል። እትዬ ብሎን ዘንቢላቸውን ይዘው ገቡና ቁጭ አሉ። ከዘንቢሉ የብሎኑን ማሰሮ፣ ካቻቢቴውን፣ ጥጡንና አራት የታመሙ ጆይስቲኮችን አወጡ። ሥራ አስኪያጁ በደስታ ሊያብድ ደረሰ። "አያችሁ!" ይላል ለሰው ሁሉ፤ "ባለሙያ ናቸው! ባለሙያ!" ማይኩን ለልጃቸው ሰጣትና "እናትሽ ሲያወሩ አፋቸው ጋ ያዥላቸው" አላት።

የኩባንያው ትልቅ ሰው ንግግር አደረገ። ከረባቱ ላይ ትንንሽ ንስሮች ተበትነዋል። ስለ አዲሱ ማሽን ፍጥነት ተናገረ፣ ስለ ሣሩ ተናገረ፤ ፀጉር ቆራጩ "ሣሩ!" ብሎ ክንዱን አነሣ። መጨረሻ ላይ ባለ ከረባቱ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣

"ለእኛ ደንበኛ ማለት ደንበኛ አይደለም። ቤተሰብ ነው!" አለ።

ተጨበጨበ። ማይኩ ወደ እትዬ ብሎን ዞረ።

"ደስ ይላል" አሉ እትዬ ብሎን። "ቤተሰብ ከሆንን እንግዲህ ልደውላ።"

ከአዲሱ ካርቶን ላይ ቁጥሩን አዩ፣ መቱት፣ ስፒከር ላይ አደረጉት፣ የብሎኑን ማሰሮ አስደገፉት። ዋሽንቱ ጀመረ።

ሰው መጀመሪያ አልገባውም ነበር። ከዚያ ከበሩ በኩል አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ደረጃ ሥር የሰሙት፣ በመስኮት የሰሙት፣ ስለ ውሽማው ያወሩት ሁሉ ዜማውን አወቁት። ፀጉር ቆራጩ፣ ዓመታት በዚያ ዋሽንት ምት ፀጉር የቆረጠ ሰው፣ እጁን ማጨብጨብ ጀመረ። ሰው ተቀበለው። የአውቶቡሱ ሁለት ሴቶችም እዚያ ነበሩ፤ አንዷ ለሌላዋ "እሱ ነው! ሰውየው ነው!" አለቻት፤ ሌላዋ "ዝም በይ፣ ባልየው ከጎንሽ ናቸው" አለቻት። እትዬ ብሎን ሦስት ብሎን በከንፈራቸው ይዘው የመጀመሪያውን ጆይስቲክ ፈቱ፣ ጠረጉ፣ ገጠሙ።

"አንድ!" አለ ፀጉር ቆራጩ።

"ጥሪዎ ለእኛ እጅግ አስፈላጊ ነው" አለች ባለ ማር ድምጿ።

"እናውቃለን!" አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

የሥራ አስኪያጁ ፈገግታ እንደ ፊኛው መተንፈስ ጀመረ። በሰው መሐል እየተሽሎከለከ ልጅቷ ጋ ደረሰና በጥርሱ መካከል፣ "ማይኩን አጥፊው" አላት።

ልጅቷ እናቷን አየች። እናቷ ቀና አላሉም፤ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ፈተው በጥጥ እየጠረጉ ነው፣ ከንፈራቸው ላይ ብሎን አለ። ማይኩን ከያዘው እጇ ሥር የራሷ ስድስተኛ ወር ነው ያለው። 

"አጥፊው እያልኩሽ ነው!"

ልጅቷ ማይኩን ወደ ስልኩ አስጠጋችው።

ዋሽንቱ መደብሩን ሞላው። ፊኛዎቹ ሳይቀሩ የተንቀጠቀጡ መሰለ። ሹፌሩ ኮፍያቸውን ሁለቱንም አውልቀው "ሁለት!" ብለው ጮኹ፤ ዓይናቸው ግን ልጃቸው ላይ ነበር።

እትዬ ብሎን ሦስተኛውን አነሡ። ብሎኖቹን ከአፋቸው አወጡና ቀና አሉ።

"የተከበራችሁ፤ ይኼን ስልክ የሚያነሣው ማነው?"

በሩ ጋ የቆሙት ሦስቱ የንስሩ ሠራተኞች ተያዩ። አንዲት ልጅ እጇን በቀስታ አወጣች። ሌላው አወጣ። ሦስተኛውም።

"እናንተ?"

"አዎ፣ እኛ ነን" አለች መጀመሪያ እጇን ያወጣችው።

"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?"

"ኮፍያ አድሉ ተብለን ነው።"

መደብሩ በሳቅ ፈነዳ። ሰው ሰው ላይ ተደግፎ ሳቀ፣ የጥርስ ሐኪሙ ጥርሱን ሁሉ አሳየ፣ ባለ ኮፍያዎቹ ራሳቸው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። "እንሂድ እናንሣው?" አለ አንዱ፤ "ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው" አለችው ባለ ኮፍያዋ ወደ ባለ ከረባቱ እየጠቆመች። ባለ ከረባቱ ኪሱን ዳሰሰ። ቁልፉ አለ። ግራ ቀኙን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረገ፤ ሮጠ።

በደረጃው ሲወጣ የጫማው ድምፅ በግድግዳው ተሰማ። ከዚያ በጣሪያው ላይ ኳ ኳ ኳ አለ፤ ሕዝቡ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን በዓይኑ ይከተላል። አንድ በር ተበረገደ። አንድ ወንበር ወደቀ። ዋሽንቱ ቁርጥ አለ።

"ሃ... ሃሎ! ውድ... ውድ ደንበኛችን... ምን... ልርዳዎ?"

"ሁለት ተኩል!" አለ ፀጉር ቆራጩ፤ እትዬ ብሎን ሦስተኛውን ገና አልገጠሙትም ነበርና። ጩኸቱ ላይኛው ፎቅ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

እትዬ ብሎን እጃቸውን አነሡ፤ ሰው ዝም አለ።

"መጀመሪያ ይተንፍሱ፣ ጌታዬ። ውኃ ይጠጡ።"

"ጠ... ጠጥቻለሁ።"

"አዲሱን ማሽናችሁን ልከፍት ነው፤ አይቀየሙኝ።" ካርቶኑን ከፈቱ፣ ከአዲሱ ማሽን ጋር የመጣውን ጆይስቲክ ገልብጠው አዩት። "በሙጫ አልተለጠፈም፤ በብሎን ነው የታሰረው። ጎበዝ። ይኼን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።" ፈቱት፣ ወደ መብራቱ አስጠጉት። "ውስጡ ያለው ዘንግ ግን የበፊቱ ዓይነት ነው። ዓመት ሲሞላው ወደ ግራ ይሄዳል። ልክ ነኝ?"

ማዶ ዝም አለ። ዋሽንት የሌለበት ዝምታ ለሁሉም አዲስ ነበር። ልጅቷ ማይኩን እንደያዘች ናት። ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ጨፍኗል።

"ይሄዳል" አለ ድምፁ። "አንዳንዱ... ይሄዳል።"

እንዲህ ያለ ነገር ከኩባንያ አፍ ሲወጣ ሰፈሩ ሰምቶ አያውቅም። ማንም አልሳቀም።

"ታዲያ ሲሄድ ለማን እንናገር?"

"በዚህ ቁጥር ይደውሉልን።"

"ማን ያነሣል? እርስዎ ነገ እዚያ ይቀመጣሉ?"

"እኔ አልቀመጥም። ግን ሰው አስቀምጣለሁ። ከወንበሩ የማይነሣ ሰው።"

"ኮፍያ ለማደልም?"

"ኮፍያ ለማደልም!"

ጭብጨባው የመጀመሪያው ንግግር ካገኘው በሦስት እጥፍ በለጠ። እትዬ ብሎን ጆይስቲኩን መልሰው ገጠሙት፣ በማይኩም ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ "ሥዕሉ ጥሩ ነው፣ ብሎኑ ጥሩ ነው፣ ዘንጉ እንደ ድሮው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግን ውስጡ ሰው አለ ተብሏልና እናያለን።" ያኔ ሰው ተሰለፈ። ፊት የቆመው የጥርስ ሐኪሙ ነበር፤ ፀጉሩ እረፍት ሊያገኝ ነው።

ባለ ከረባቱ ከረባቱ ወደ ትከሻው ዞሮ ሲወርድ ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ ተቀበለው። "ይቅርታ፣ ጌታዬ። ልጅቷ ገና በሙከራ ላይ ናት። ማይኩን አጥፊ ብያት ነበር፣ አሁኑኑ እርምጃ..."

"የቷ ናት?"

ሥራ አስኪያጁ ጠቆመ። ልጅቷ ማይኩን ሁለት እጇ ውስጥ አድርጋ ቆማለች። እትዬ ብሎን ካቻቢቴያቸውን እንደያዙ ከወንበራቸው ተነሡ፤ ሹፌሩም ከኋላቸው።

"ስልኩ ከላይ ይውረድ" አለ ባለ ከረባቱ፤ ገና በደንብ አልተነፈሰም። "እዚህ ባንኮኒው ላይ ይቀመጥ፤ ሰው ሲያስፈልገው በዓይኑ የሚያየው ቦታ። እሷ ታንሣው።" ወደ ልጅቷ ዞረ። "ትችያለሽ?"

"ማንሣት እችላለሁ፤ ማስጠበቅ ነው የማልችለው" አለች።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፣ ፈገግ አለ። "እንዳልኳት እኮ ነው፤ ቋሚ ነሽ ብያታለሁ!"

"መቼ?" አሉ ሹፌሩ።

"አሁን!"

በሳምንቱ፣ ጠዋት፣ እትዬ ብሎን ክፍላቸውን ከፈቱ። የጥርስ ሐኪሙ አሮጌ ጆይስቲክ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ከኋላው ሌሎች አራት ተሰልፈዋል። የጆይስቲኩ ዘንግ ተሰብሯልና መለዋወጫ ያስፈልገዋል። መብራቱን አበሩ። ማዶ ፀጉር ቆራጩ አንድ ደንበኛ አስቀምጦ መቀሱን አንሥቶ ዋሽንቱን ይጠብቃል። እትዬ ብሎን የንስሩን ቁጥር መቱ፣ ስልኩን ማሰሮው ላይ አስደገፉ፣ አምስት ብሎን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፣ እጃቸውን ወደ ካቻቢቴው ዘረጉ።

"ንስር የደንበኞች አገልግሎት፤ ምን ልርዳዎ?"

አንድ ብሎን ከአፋቸው ወደቀ። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነው። ሌሎቹን አውጥተው፣

"እኔ ነኝ" አሉ።

"እማዬ! ደህና አደርሽ? ምን ተበላሸ?"

"የሐኪሙ ዘንግ።"

"ሐሙስ ይመጣልሻል፤ መዝግቤዋለሁ። እማዬ፣ ሌላ ሰው እየደወለ ነው፣ ላንሣለት። ቻው፣ እወድሻለሁ!"

ተዘጋ። ክፍሏ ጸጥ አለች። በሩ ጀርባ ላይ፣ ዶሮ ከሚመስለው ንስር አጠገብ፣ ለዛሬ የሚሰመር ምንም የለም። እትዬ ብሎን ጠመኔውን አንሥተው ትንሽ አሰቡ፣ ለዶሮው አንድ ትልቅ ክንፍ ጨመሩለት። ፀጉር ቆራጩ አሁንም መቀሱን አንሥቶ አንገቱን ወደ መስኮቱ አስግጓል፤ ደንበኛው ግማሽ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ግማሹ ቀርቶ ይጠብቃል። እትዬ ብሎን ካቻቢቴውን ያዙ፣ የመጀመሪያዋን ብሎን ሊፈቱ ሞከሩ፣ እጃቸው ምቱን አጣው። ወደ ተዘጋው ስልክ ዘንበል ብለው፣ በልመና ዓይነት ድምፅ፣

"ዋሽንቱን ግን ምን አደረጋችሁት?" አሉ።